ልጆቹ ተኝተዋል ወይ?

ይኸውላችሁ ወገኖቼ፣ ዛሬ የምተርክላችሁ በዚህች አገር ሰው ምን እንዲያይና ምን እንዳያይ ማን ሲወስንለት እንደኖረ ነው። ነገሩ ከመዘዞ ተነስቶ አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ድረስ ይሄድና ተመልሶ ይመጣል፤ ረዘም ይላልና ጋቢያችሁን ሰብሰብ አድርጋችሁ አድምጡኝ።

መዘዞን የማታውቁ ካላችሁ መጀመሪያ መንገዱን ልንገራችሁ። ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ ወጥታችሁ ደብረ ብርሃን ትደርሳላችሁ፣ እዚያ ብርዱ ይቀበላችኋል፣ ከዚያም የገብሱንና የባቄላውን ማሳ ግራና ቀኝ እያያችሁ ስትጓዙ ጣርማበር ላይ ጉሙ ይመጣና መንገዱን ይውጠዋል፣ ሾፌሩም በጠራራ ቀን መብራት አብርቶ፣ ጥሩምባውን እየነፋ፣ በቀስታ ያዘግማል። ፊት ለፊት ጣሊያን የፈለፈለው ዋሻ አለ። በዋሻው ያለፈ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል፤ ወደ ሰሜን የታጠፈ ግን በተራራው ጫፍ ለጫፍ እየሄደ መዘዞን ያገኛል፣ ከመዘዞ ሞላሌን፣ ከሞላሌ መሐል ሜዳን፣ ያ ሁሉ የበግና የገብስ፣ የዝተትና የበርኖስ አገር ነው።  

በዚያ መንገድ ስንቱ ወጥቷል መሰላችሁ! ጨው ወጥቷል፣ ዘማች ወጥቷል፣ ሙሽራ ወጥታለች፣ ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመት እንዳለፈም ቪዲዮ ወጣ። ቴሌቪዥኑ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ፣ ከሽንኩርት ጆንያና ከበግ ቆዳ መሐል፣ በደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ሁለት ጊዜ ተጠቅልሎ፣ በገመድ ተጠፍሮ መጣ። ባለቤቱ ደግሞ ማጫወቻውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ወደ ደረቱ እያስጠጋ፣ ጣርማበር ላይ ጉሙ ሲመጣ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ሽቅብ እያየ «ኧረ ረዳት፣ ዝናብ እንዳይነካብኝ!» እያለ መጣ። ከዚያም አንዲት የጭቃ ቤት ተከራየ፣ መስኮቷንም በማዳበሪያ ጆንያ ጋረደ፣ የባሕር ዛፍ አግዳሚ ደረደረ፣ በሩ ላይ በከሰል «ቪዲዮ ቤት» ብሎ ጻፈ፣ ከተማውም ተሰበሰበ። ራምቦ መጣ፣ ጃኪ ቻን መጣ፣ ቻክ ኖሪስ መጣ፣ የህንዶቹም ዘፈንና ለቅሶ መጣ። ቋንቋውን የሚሰማ አልነበረም፤ ማን ክፉ ማን ደግ እንደሆነ ለመለየት ግን ቋንቋ አላስፈለገንም፣ ክፉው ገና በሩን ከፍቶ ሲገባ ቤቱ በሙሉ ያውቀው ነበር።

ያ ሰውዬ የራሱ ደንብ ነበረው፣ እሱን ልንገራችሁ። ቀን ቀን ልጅ ይገባል፣ ሲመሽ አይገባም። ማታ ማታ ፊልሙን ከማስጀመሩ በፊት ባትሪውን ይዞ በአግዳሚዎቹ መሐል ያልፍና የሰው ጋቢ ሥር የተሸሸገ ልጅ ሲያገኝ ጆሮውን ይዞ ያወጣዋል፣ «ሂድ፣ እናትህ ትፈልግሃለች» ይለዋል። ልጁም ወጥቶ ግድግዳውን ይዞራል፣ ከጭቃው ጭድ መዝዞ ቀዳዳ ያበጃል፣ በዚያች ቀዳዳ ተራ በተራ ያያሉ፣ ጠዋት ሰውየው ጭቃ ለውሶ ይደፍናል፣ ማታ ደግሞ ሌላ ቀዳዳ ይከፈታል። እንዲህ ሲሟገቱ ከረሙ። በገበያ ቀን ግን፣ እውነቱን ካወጋን አይቀር፣ ገንዘብ የያዘ ሁሉ ይገባ ነበር፤ በገበያ ቀን ባትሪው አይበራም።

ፊልምን መመርመር በባሕር ማዶም አለ፤ እንግሊዞች ለፊልም መርማሪ ቦርድ ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1912 ነው። አሜሪካኖች የሆሊውድን የቆየ ደንብ አውልቀው ፊልሙን በዕድሜ የሚለይ የፊደል ምልክት ያወጡት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ደንባቸው ይህ ለሁሉ፣ ይህ ከወላጅ ጋር፣ ይህ ለአዋቂ ብቻ ይላል። የመዘዞው ሰውዬ ይህን ሁሉ አልሰማም፤ ግን ከቦርዶቹ የማያንስ አንድ ነገር ነበረው፤ ፊልሙን ከመክፈቱ በፊት ቤቱ ውስጥ ማን እንዳለ ያያል።

ይህ ዐመል ደግሞ ከሰማይ የወረደለት አይደለም፣ ከእናቱ ቤት ያገኘው ነው። እናንተም ታውቁታላችሁ። በክረምት፣ ጉሙ በሩ ድረስ መጥቶ ሲቆም፣ ከብቱ ገብቶ፣ እራት ተበልቶ፣ እሳቱ ዳር ተረት ሲጀመር በመጀመሪያ የጦጣና የቀበሮ ይመጣል፣ ከዚያ የሞኙ ባልና የብልኋ ሚስት ይመጣል፣ ከዚያም ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ የአዋቂው ተረት ሊመጣ ይልና ተራኪዋ ዝም ትላለች፣ እሳቱን ትቆሰቁሳለች፣ ወደ መደቡ አንገቷን መለስ አድርጋ «ልጆቹ ተኝተዋል ወይ?» ትላለች። ከመደቡ ላይ አንዱ «አዎ፣ ተኝተናል!» ይላል። ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል፣ የአዋቂው ተረትም ለሌላ ቀን ይቀራል። የዚያ ተረት ዳኛ ተራኪዋ ራሷ ነበረች፤ የምትናገረው ፊቷ ላሉት ነውና ማን እንደሚሰማት ታውቃለች፣ ሰው ሲገባም ነገሩን ታዞረዋለች።

እንግዲህ የመንግሥትን ነገር ላምጣው። ፊልም ወደ አገራችን የገባው በምኒልክ ዘመን ነው። ያ ከአንኮበር እንጦጦ የወጣ፣ ከእንጦጦ አዲስ አበባ የወረደ ንጉሥ አዲስ ነገር ይወድ ነበርና ስልኩንም፣ አውቶሞቢሉንም፣ የሚንቀሳቀሰውንም ሥዕል አይቷል። ሕዝቡ ግን ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ የተከፈተውን የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «የሰይጣን ቤት» አለው። ይህ ስም ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ዛሬም አልጠፋም። ልብ በሉ፣ ያን ስም ያወጣ ሹም አልነበረም፤ ሕዝቡ ራሱ አይቶ ራሱ ፈረደ፣ ከዚያም የፈረደው ሁሉ ገብቶ አየ!

ከዚያ ጣሊያን መጣ። የካቲት 12 ቀን 1929 በጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ በአዲስ አበባ የሆነውን እልቂት ታውቃላችሁ፣ ግንቦት ላይም ደብረ ሊባኖስ ላይ የሆነውን ታውቃላችሁ። በመካከሉ፣ በመጋቢት፣ ግራዚያኒ አንድ ትእዛዝ አወጣ፤ በየመንደሩ የሚዞሩ ተራኪዎች፣ አዝማሪዎችና ጠንቋዮች ተይዘው ይገደሉ አለ። መትረየስ የያዘ ጦር ወሬ ነጋሪ ሽማግሌና መሲንቆ የያዘ ሰው ፈራ። እንዴት እንደ ተፈጸመ እዚህ ላይ አልዘረዝረውም፤ ማን ከማን ጋር ተቀምጦ እንደሚያዳምጠኝ አላውቅምና። ይህን ብቻ እላለሁ፣ በዚህች አገር የሰው ዐይንና ጆሮ ላይ ከተጣለው እገዳ ሁሉ የከፋው ያ ነበር፣ እሱም ቢሆን ወሬውን አላቆመውም፤ መንዝና ቡልጋ ላይ ያለው አርበኛ ዜናውን ሲቀባበል ከረመ።

ነፃነት ተመለሰ፣ ጃንሆይም ተመለሱ። መጻሕፍት እየተመረመሩ ይወጡ ነበር፤ አቤ ጉበኛ በ1955 «አልወለድም»ን ሲያሳትም መጽሐፉ ታገደ። ጥቅምት 23 ቀን 1957፣ በዘውድ በዓል ዕለት፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተከፈተ። ሥርጭቱ ከአዲስ አበባ እምብዛም አያልፍም ነበር፤ ጣርማበር ያለ ሰው ከሩቁ ይሰማው ይሆናል እንጂ አያየውም። በዚያው ዓመት «ሂሩት አባቷ ማነው?» የሚባለው የመጀመሪያው የአማርኛ ፊልም ወጣ። ይህን በአጭሩ አልፈዋለሁ፣ ወደ ትልቁ ነገር መድረስ አለብኝ።

ትልቁ ነገር የወሎ ረሃብ ነው። ወገኖቼ፣ የደሴን መንገድ ቅድም የነገርኳችሁ ለዚህ ነበር። በ1965 ወሎ ላይ ዝናብ ቀረ፣ ከብት አለቀ፣ ሰውም ልጁን አዝሎ ወደ መንገዱ ወጣ፣ መኪና እያስቆመ ለመነ፣ አቅም ያለው ደግሞ ወደ አዲስ አበባ በእግሩ ተነሳ፣ ፖሊስም መንገድ ላይ መለሰው። ለምን? አዲስ አበባ ያለው ሰው እንዳያያቸው ነዋ! የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ወርደው ፎቶግራፍ አንስተው መጡ፣ ተማሪዎችም ሥዕሉን ለሕዝብ ሊያሳዩ ሲሉ ተከለከሉ። በጋዜጣ የለም፣ በራዲዮ የለም፣ በቴሌቪዥን የለም። በመጨረሻ ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ካሜራውን ይዞ ገብቶ አየ፣ ቀረጸ፣ በጥቅምት 1966ም ለንደን ላይ አሳየው። የለንደን ሰው በቤቱ ተቀምጦ የወሎን ሰው ሲሞት አየ፤ የአዲስ አበባ ሰው ግን አላየም።

ዓመት ሳይሞላ ነገሩ ተገለበጠ። ደርግ እየበረታ መጣ፣ ሹማምንቱን አንድ በአንድ ሰበሰበ፣ ከዚያም መስከረም 1 ቀን 1967፣ እንቁጣጣሽ ማታ፣ ያንኑ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። እንዲሁ ግን አላሳየውም። የተራበው ሕፃን ከታየ በኋላ የቤተ መንግሥት ግብር እንዲታይ፣ የደረቀችው እናት ከታየች በኋላ ንጉሡ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ እንዲታይ አድርጎ ቆርጦ ቀጠለው። ንጉሡም ተመልከቱ ተብለው ቤተ መንግሥታቸው ተቀምጠው አዩት ይባላል። በማግስቱ ጠዋት፣ መስከረም 2፣ መኮንኖች መጥተው ከሥልጣን መውረዳቸውን አነበቡላቸውና በቮልስዋገን አሳፍረው ወሰዷቸው። መዘዞ ላይ ያን ፊልም ያየ ሰው አልነበረም፣ ግን ያላየው ሰው አልነበረም ማለትም ይቻላል፤ በገበያው ሁሉ «ውሾቹ» እየተባለ ሲወራ ከረመ፣ ወሬው ከሰው ወደ ሰው ሲሄድም ሥጋው እየበዛ፣ ሣህኑም ወርቅ እየሆነ ሄደ።

እኔ ይህን ታሪክ ሳስበው የሚያስቸግረኝ አንድ ነገር አለ። ፊልሙ እውነት ነበር። አንዱ እውነቱን ገመናዬን ያወጣብኛል ብሎ ደበቀው፤ ሌላው ጠላቴን ይጥልልኛል ብሎ ገለጠው። የወሎ እናት በሁለቱም ጊዜ አልተጠየቀችም። ለዚህም ማረጋገጫው አሥር ዓመት ቆይቶ መጣ። በ1977 እንደገና ድርቅ ሆነ፣ የእኛም ሰሜን ሸዋ አላመለጠም። ደርግ ግን መስከረም ላይ አሥረኛ ዓመቱን በቀይ ጨርቅና በመብራት ሊያከብር ተዘጋጅቶ ነበርና ድምፅ ይጥፋ አለ፣ በዓሉ እስኪያልፍ ረሃቡ ዝም ተባለ። ከዚያ በጥቅምት ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚንና የቢቢሲው ማይክል ቡርክ ኮረም ላይ የቀረጹት ሥዕል ወጣና ዓለም በሙሉ አለቀሰ። በ1967 በረሃብ ፊልም ንጉሥ ያወረዱ ሰዎች በ1977 የረሃብ ፊልም ፈሩ። ከዚህ በላይ ምን ልበላችሁ።

የደርግ ሳንሱር ፊልምና መጽሐፍ ብቻ አልያዘም፣ ዘፈኑንም ያጣራ ነበር። ደራሲው በዓሉ ግርማ በ1975 «ኦሮማይ»ን አወጣ፣ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ በየካቲት 1976 እሱ ራሱ ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ሰውም ጆሮውን ወደ ራዲዮ መለሰ፣ ማታ ማታ ጋቢ ተከናንቦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የጀርመን ድምፅን፣ የአሜሪካ ድምፅን፣ የሰሜኑንም አማጺ ጣቢያ ይሰማ ነበር። ጠዋት ላይ ሁሉም ሰው ያውቃል፣ ማንም ግን አልሰማም።

ከዚያ ደርግ ሄደ። በ1985 የወጣው የፕሬስ ሕግ ቅድመ ምርመራን ከለከለ፣ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 29 አጸናው፣ እዚያው አንቀጽ ውስጥ ደግሞ የወጣቶችን ደኅንነት ለመጠበቅ ገደብ በሕግ ሊወጣ ይችላል አለ። በ1999 የወጣው የብሮድካስት አዋጅ ሕፃናትን ሊጎዳ የሚችል ፕሮግራም ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ ይተላለፍ ብሎ ሰዓት ቆረጠ፤ ያን አዋጅ በ2013 አዋጅ ቁጥር 1238 ተካው። ሕጉን አልነቅፍም። መዘዞ ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ከብርዱ የተነሳ ሰው ሁሉ ይተኛል፤ ስልክ የያዘው ልጅ ብቻ አይተኛም።

ግን ያው መንግሥት በአንድ እጁ ቅድመ ምርመራ ቀርቷል ብሎ በሌላው እጁ ምን አደረገ? በ2002 የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ሥርጭት አወከ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስም ጣቢያውን ሩዋንዳ ላይ እልቂት ከቀሰቀሰው ራዲዮ ጋር አመሳሰሉት። በመስከረም 2009 መጨረሻ ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ጥቅምት ላይም አዋጁን የሚያስፈጽመው ኮማንድ ፖስት መመሪያ አወጣና በውጭ አገር ያሉትን ጣቢያዎች፣ ኢሳትንና ኦኤምኤንን፣ መመልከት ተከለከለ። አስተውሉልኝ፣ ማሰራጨት አይደለም፣ መመልከት! ሰው በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ዱካው ላይ ተቀምጦ፣ ወደ ገዛ ቴሌቪዥኑ ዐይኑን ቢያነሳ ወንጀለኛ ሊሆን ነው።

ዲሽ ያላችሁ ታውቃላችሁ፣ ዲሽ የሚዞረው በጩኸት ነው። አንዱ ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ ሌላው ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑ ፊት ይቆማል፣ የላዩ «መጣ?» ይላል፣ የታቹ «አልመጣም! ትንሽ ወደ ግራ! መጣ መጣ... ሄደ!» ይላል፣ ጎረቤት በሙሉ ይሰማል። በዚያ ዓመት ግን መጮህ አይቻልም። ታዲያ ሰው ምን አደረገ? በሰሜን ሸዋ ከተሞች ሲወራ እንደሰማሁት ቀን ዲሹን ወደ ተፈቀደው ያዞራል፣ ማታ በጨለማ ይወጣና ወደተከለከለው ይመልሳል፣ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሥዕሉ ሲመጣ በሙቀጫ ዘነዘና ኮርኒሱን አንድ ጊዜ ይመታል፣ ሲሄድ ሁለት ጊዜ ይመታል። መሥሪያ ቤት ውሎ የገባ ሰው ሳይቀር መጋረጃውን ዘግቶ ያይ ነበር። አዋጁ ሐምሌ 2009 ተነሳ፤ በግንቦት 2010 ደግሞ በሁለቱ ጣቢያዎች ላይ የነበረው ክስ ተቋረጠ፣ በኋላም ጋዜጠኞቹን ሕዝቡ ቦሌ ላይ በአበባ ተቀበላቸው። አምና የሚያሳስር ዘንድሮ የሚያስጨበጭብ ሆነ። ልጅ ይህን ያያል፣ ወገኖቼ። ክልከላ ማለት የሹም ፍርሃት እንጂ የሰው ደኅንነት አይደለም ብሎ ይማራል፣ ትምህርቱንም ይዞ ያድጋል። በ2015 ክረምት በክልላችን ኢንተርኔት ሲጠፋና ለወራት ሲቆይ ደግሞ ይህንኑ ደግመን ተማርን።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ «እንግዲህ ነገሩ አለቀ፣ ሳንሱር ክፉ ነው፣ ሁሉም የወደደውን ይይ» ልትሉ ነው። ቆዩኝ። እኔም ሹም ዐይኔን እንዲይዝልኝ አልፈልግም፣ ከላይ እስከ ታች የተረክሁላችሁም ለዚያ ነው። ግን ሹሙ ከበሩ ሲሄድ በሩ ላይ ማን ቆመ?

አንዲት አያት የልጅ ልጃቸውን ይዘው የሚኖሩበትን ቤት አውቃለሁ። የልጁ አባት አዲስ አበባ፣ እናቲቱ ዓረብ አገር ናት፤ ከዓረብ አገር በተላከ ገንዘብ ቴሌቪዥንና ዲሽ ተገዝቷል። እሳቸው ሪሞቱን አያውቁትም። እሑድ ጠዋት «የኔ ጌታ፣ እስቲ ቅዳሴውን አምጣልኝ» ይሉታል፣ ልጁም ይጫናል፣ ጣቢያው ያልፋል፣ ይጫናል፣ ያልፋል፣ የዓረቡ አለ፣ የቱርኩ በአማርኛ ድምፅ አለ፣ የፊልም ጣቢያው አለ። አንድ ቀን እኔው ተቀምጬ ሳለሁ እንዲሁ ሲያልፍ ለዐይን የማይገባ ነገር መጣ፣ ጣቱም ቆም አለ። እሳቸው «በስመ አብ!» ብለው ነጠላቸውን ስበው ዐይናቸውን ሸፈኑ። የራሳቸውን ዐይን ነው የሸፈኑት። ልጁ ከፊታቸው እግሩን አጣምሮ፣ አገጩን በመዳፉ ይዞ፣ ዐይኑን ሳይነቅል አየ። በጥግ በኩል ፊደልና ቁጥር ወጥቶ ነበር፣ የዕድሜ ምልክት፣ በባዕድ ፊደል የተጻፈ። ያን የሚያነብ በቤቱ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ልጁ።

አባትየው ለበዓል ሲመጣ ነገሩን ሰማና መቆለፍ ይቻላል ብሎ ሪሲቨሩን ፈልፍሎ የፊልም ጣቢያዎቹን ቆለፋቸው፣ ደስ ብሎትም ሄደ። የሪሲቨር የምሥጢር ቁጥር ከፋብሪካ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ አራት ዜሮ ነው፤ እሱም አልቀየረውም። ልጁ አራት ጊዜ ዜሮ ተጫነና ከፈተው። አሁን ደግሞ ቴሌቪዥኑም ሊቀር ነው፤ ስልክ አለ፣ ኔትዎርክ በሌለበትም በየሙዚቃ ቤቱ «ሚሞሪ ይጫናል» የሚል ጽሑፍ አለ፣ ልጁ ገንዘቡን ይሰጣል፣ ሞልተው ይመልሱለታል፣ ምን እንደሞሉ የጠየቀ ወላጅ አላየሁም። የቪዲዮ ቤቱ ሰውዬ ገንዘብ ቢወድም ባትሪውን ይዞ አግዳሚውን ይዞር ነበር። ቲክቶክ ባትሪ የለውም። እዚያ ማዶ ያለው ባለቤት መደቡ ላይ ማን እንደተኛና ማን ተኝቻለሁ እንዳለ አያይም፣ ቢያይም ግድ የለውም፣ ለእሱ ዓመቱን ሙሉ የገበያ ቀን ነው።

በ2008 ቃና ቴሌቪዥን ሲከፈት የኪነ ጥበብ ሰዎች የውጭ ድራማ በአማርኛ መተርጎሙን ተቃወሙ፣ ባህል ይጠፋል፣ እንጀራችንም ይቆረጣል አሉ። ተመልካቹም ሪሞቱን ይዞ መልስ ሰጠ፣ ማየቱን ቀጠለ። እኔ የባህሉን ክርክር ለሊቃውንቱ እተወዋለሁ። የሚቆጨኝ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ተጨቃጭቀን፣ ይህ ድራማ የትኛው ልጅ ፊት በስንት ሰዓት ይታይ የሚለውን ጥያቄ በየቤታችን አለመጠየቃችን ነው። ጠጅ ለልጅ የማይቀዳ አገር፣ አዋቂ ሲያወራ ልጅ «ውጣና ተጫወት» የሚባልበት አገር፣ ሥዕል ሲሆን ጊዜ ምን ነካው? የመንግሥት ሥራ ነው ብለን ለምደን ይሆናል። መንግሥት ሲከለክል ዲሽ እናዞራለን፣ መንግሥት ሲተው ሪሞቱን ለልጅ እናስረክባለን፤ በሁለቱም ቀን እኛ ቤት ውስጥ የለንም። ይህን በሰው ላይ የፈረድኩ አይምሰላችሁ፣ የእኒያ አያት ልጅ ዓረብ አገር የሰው ልጅ እያሳደገች ነው፣ ማን ይፈርድባታል? ሥራውን ለእሳቸው ጥላ ሄደች፣ እሳቸው ደግሞ የሚታየውን ምልክት ማንበብ አይችሉም።

ስለዚህ ልለምን። ጣቢያ ያላችሁ ሰዎች፣ ያችን የዕድሜ ምልክት በጥግ በኩል በቁጥር አውጥታችሁ አትተዉአት፤ ፊልሙ ሳይጀምር በሰው ድምፅ፣ በአማርኛውም በኦሮምኛውም ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ፣ «ይህ ለልጅ አይሆንም፣ ልጅ ካለ አስወጡ» በሉ፤ መጻፍና ማንበብ ያላወቀ አያት ያኔ ይሰማችኋል። መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣንም ጣቢያ ከመዝጋት ይልቅ ይህችን ቢያስገድድ አመሰግነዋለሁ። ዲሽ የምትተክሉ ልጆች፣ ከጣሪያ ከወረዳችሁ በኋላ ሒሳብ ተቀብላችሁ አትሂዱ፣ አራቱን ዜሮ ቀይራችሁ አዲሱን ቁጥር ለቤቱ ትልቅ ሰው በጆሮው ንገሩት። ሚሞሪ የምትጭኑም፣ የሚመጣው ልጅ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ከፊቱ ታዩታላችሁ።

እናንተም የቤት ባለቤቶች፣ ዛሬ ማታ ልጁ አጠገብ ተቀመጡ፣ የሚያየውን እዩ፣ ሲያልቅም «ምን አየህ? ያ ሰውዬ ያን ያደረገው ለምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ይንገራችሁ፤ እስኪጨርስም አታቋርጡት።